ቀለም የማይጠጣው መነጽር

የዛሬው ባለቀለም መነጽር ታሪክ አንዱ ሥሩ ከአውሮፕላን ክንፍ ይመዘዛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፕላን ክንፍ በእንጨት ማገር ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ እንዲከርርና እርጥበት እንዳያስገባ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ነገር በፈሳሽ መልክ ይቀባል። ካሚልና ሄንሪ ድሬፉስ የተባሉ የስዊዘርላንድ ወንድማማቾች ይህን ቅብ ለእንግሊዝ ጦር እንዲያመርቱ ተጠርተው፣ በደርቢ ከተማ አጠገብ ስፖንደን በተባለ ስፍራ ትልቅ ፋብሪካ አቆሙ። በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ዋናው ገዢ ጠፋ። ወንድማማቾቹ ያንኑ አሲቴት ወደ ክር ለወጡትና በ1921 ገደማ ሴላኒዝ የሚል ስም ሰጥተው፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ክር ይዘው ገበያ ገቡ።

ክሩ ያምራል፤ ቀለም ግን አልቀበል አለ። ጥጥና ሱፍ ውሃ ይጠጣሉ፤ በውሃው የሟሟው ቀለምም አብሮ ገብቶ ውስጣቸው ይቀራል። አሲቴት ውሃ የሚሸሽ በመሆኑ የቆዩት ማቅለሚያዎች ላዩ ላይ ተንሸራተው ይታጠቡ ነበር። የእንግሊዝ ቀለም ቀማሚዎች መላውን ያገኙት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ውሃ ለሚሸሽ ክር ውሃ የሚሸሽ ቀለም መረጡለት። በውሃ የማይሟሟውን ቀለም አልመው ፈጩና፣ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ሳሙና መሰል ነገር አማካይነት ውሃው ውስጥ በተኑት። ገንዳው ሲሞቅ ቀለሙ ውሃውን ትቶ ወደ ክሩ ገባ፤ እዚያው ሟሙቶ ቀረ። ተበታኝ ቀለም የሚባለው የማቅለሚያ ዘር የተወለደው እንዲህ ነው።

ዛሬ የፕላስቲክ ሌንስ የሚነከረው በዚሁ የቀለም ዘር ነው። የሌንስ ነካሪው ችግርም በስፖንደን ከታየው ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙ እንዲገባበት የሚፈለገው ነገር ቀለም እንዲቀበል ተብሎ አልተሠራም። የሌንስ ቀማሚዎች ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ መነጽሩን አቀለሉት፣ አጠነከሩት፣ አሳሱት። አዲስ ሌንስ በመጣ ቁጥር ግን ነካሪው ሙያውን ከሀ ሁ ለመጀመር ተገዷል። ከሁሉም ያስቸገረው የመነጽር ቁጥራቸው ከፍ ላለ ሰዎች የሚሠራው ስሱ ሌንስ ነው፤ በሙያው አጠራር ከፍተኛ ኢንዴክስ ይባላል።

ሌንስ ከመስታወት ብቻ በሚሠራበት ዘመን መንከር የሚባል ነገር አልነበረም። ቀለሙ የሚጨመረው መስታወቱ እቶን ውስጥ ሲቀልጥ ነው፤ ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ኮባልት ሰማያዊ። የለንደኑ የባሕር ኃይል ባለሥልጣን ሳሙኤል ፒፕስ በ1666 የገና ዋዜማ አረንጓዴ መነጽር መግዛቱን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ዓይኑ በሻማ ብርሃን ሲያነብና ሲጽፍ ያመው ስለነበር መነጽሩ ይረዳኝ እንደሆነ ልየው ብሎ ነው። ሕመሙ ስላልተወው እታወራለሁ ብሎ ፈርቶ በ1669 ማስታወሻውን መጻፍ አቆመ። በ1750ዎቹ ደግሞ ጄምስ አይስካው የተባለ የለንደን መነጽር ሠሪ፣ ነጭ መስታወት ዓይን የሚወጋ ብርሃን ያስገባል እያለ ለደንበኞቹ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌንስ ይመክር ነበር። ሁለቱም ሰዎች ቀለምን የፈለጉት ለዓይን ዕረፍት ነው፤ ከፀሐይ ጋር አላያያዙትም። ቀለሙ የትኛውን ጨረር እንደሚያስቀር ለመለካት ግን በዘመናቸው መሣሪያ አልነበረም።

ያን ጥያቄ በቁም ነገር የያዘው ዊልያም ክሩክስ ነው። ታሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር በ1861 ያገኘው ይህ ኬሚስት፣ በእርጅናው ዘመን የመስታወት ሠራተኞችን ዓይን ጉዳይ ተረከበ። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በ1909 አካባቢ ኮሚቴ አቋቁሞ የሚያጠናው አንድ የታወቀ በሽታ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀለጠ መስታወት ፊት ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ይያዛሉ። ክሩክስ መስታወት ከልዩ ልዩ ብረታ ብረት ጋር እያቀለጠ ከ300 በላይ ዓይነት ቅይጥ ሞከረ። እያንዳንዱ ቅይጥ ምን ያህል ሙቀት፣ ምን ያህል የሚታይ ብርሃን፣ ምን ያህል የማይታይ ጨረር እንደሚያስቀር ለካ። ውጤቱን በ1913 ሲያቀርብ 81 ዓመቱ ነበር። ሴሪየም የተባለው ብረት የማይታየውን ከሐምራዊ በላይ ጨረር ሲያስቀር የመስታወቱን ጥራት ብዙም እንደማይነካ አሳየ። ክሩክስ የሚል ስም የያዙ ሌንሶች ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሸጠዋል። ሽማግሌው የአንድን ተራ ሠራተኛ ዓይን ለማዳን ያሳየው ትዕግሥት ከታሊየሙ ባላነሰ ሊነገርለት ይገባል።

ይሁን እንጂ ከእቶን የሚወጣ ባለቀለም መስታወት አንድ ማምለጫ የሌለው ጉድለት ነበረው። ቀለሙ በመስታወቱ አካል ሁሉ ስለተሠራጨ መስታወቱ በወፈረበት ይጠቁራል፣ በሳሳበት ይነጣል። ቁጥር ለሌለው የፀሐይ መነጽር ይህ ችግር አይደለም። ሩቅ ማየት ለሚቸግረው ሰው የሚሠራው ሌንስ ግን መሃሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ነው። መሃሉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ፣ ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ እዚያ የሚያሳልፈው ከመቶ 6 እጅ ብቻ ይሆናል። ሰውየው በቀዳዳ እንደሚያይ ይሆናል። ቅርብ ማየት ለሚቸግረው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ በትክክል ማየት የሚያስፈልግበት መሃሉ ይጨልማል። ሁለቱ ዓይኖች ቁጥራቸው ከተለያየ ሁለቱ ሌንሶችም የተለያየ ጥቁረት ይኖራቸዋል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰውና ጥቁር መነጽር እንዳይገናኙ ያደረጋቸው የመጀመሪያው ግድግዳ ይህ ነበር።

ግድግዳው የፈረሰው በሌላ ጦርነት ትርፍ ነው። በ1940 አሜሪካ ውስጥ፣ የፒትስበርግ ፕሌት ግላስ ንብረት በሆነ ኮሎምቢያ በሚባል የኬሚካል ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አዳዲስ ሙጫዎችን በተራ ቁጥር እየሰየሙ ይፈትሹ ነበር። ሠላሳ ዘጠነኛው ግልጽ፣ ጠንካራና ሙቀት የማያቀልጠው ሆኖ ተገኘ፤ ሲአር-39 ተባለ፤ የኮሎምቢያ ሙጫ ቁጥር 39 ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የነዳጅ ታንክ ሥራ ዋለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ትርፉ በመጋዘን ቀረ። ሮበርት ግራሃም የተባለ የዓይን መነጽር ባለሙያ በካሊፎርኒያ አርሞርላይት የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1947 ከዚህ ሙጫ ሌንስ መሥራት ጀመረ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሙጫው በመስታወት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲጠጥር በመጠን ከመቶ 14 ያህል ይኮማተራል፤ ሌንሱ ከቅርጽ ማውጫው ተላቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ይወጣ ነበር። ይህ ከተፈታ በኋላ የተገኘው ሌንስ ክብደቱ ከመስታወት ግማሽ ያህል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1972 የመነጽር ሌንስ ሁሉ ምት እንዲቋቋም ሲያስገድድ ፕላስቲኩ ከመስታወት ገበያውን ወሰደ።

ማንም ያላቀደው በረከት ደግሞ ከዚህ ተከተለ። ሲአር-39 በሞቀ ውሃ ውስጥ ተበታኝ ቀለም ይጠጣ ነበር። ለአሲቴት የተሠራው፣ ኋላም ለናይሎንና ለፖሊስተር የዋለው ቀለም ከ90 እስከ 95 ዲግሪ በሞቀ ገንዳ ውስጥ ይበተናል፤ ሌንሱ በመያዣ ተንጠልጥሎ ይጠመቃል፤ ቀላል ቀለም ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ሙቀቱ የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት ትንሽ ያላላዋል፤ ትንሿ የቀለም ሞለኪውል በክፍተቱ ሾልካ ትገባለች፤ ሌንሱ ሲቀዘቅዝ ክፍተቱ ይዘጋባታል። ቀለሙ ከላይኛው ገጽ እምብዛም ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ ሌንሱ በወፈረበትም በሳሳበትም ጥቁረቱ አንድ ነው። ክሩክስ ያልፈታው ችግር በአንድ ድስት ሙቅ ውሃ ተፈታ።

በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ መነጽር ቤት ከጀርባው ትንሽ የቀለም ማዕድ ቤት ነበረው። በተራ የተደረደሩ ገንዳዎች፣ በየገንዳው የተለያየ ቀለም፣ ዳር ላይ ደግሞ ቀለም የሚያወጣ ፈሳሽ ያለበት ገንዳ። ቡናማው ከጠቆረ ሌንሱ ወደዚህ መጨረሻው ገንዳ ይገባና ይነጣል። ላዩ ጠቁሮ ታቹ እየሳሳ የሚሄደው የዘመኑ ፋሽን የተሠራው ሌንሱን በሞተር ወይም በእጅ ቀስ እያሉ ከገንዳው በማውጣት ነው፤ ታችኛው ክፍል ቀድሞ ይወጣል፣ ላይኛው ዘግይቶ። ኸርበርት ወርትሃይም የተባለ የፍሎሪዳ የዓይን ባለሙያና መሐንዲስ በ1969 ከሐምራዊ በላይ ጨረርን የሚያስቀር የፕላስቲክ ሌንስ ማቅለሚያ ፈጠረ፤ ቀጥሎም ብሬይን ፓወር በሚባል ድርጅቱ ለመነጽር ቤቶች ቀለምና ገንዳ አቅራቢ ሆነ። ያ ጊዜ የነካሪዎች ወርቃማ ዘመን ነበር ቢባል አልተጋነነም። ደንበኛው የወደደውን ጨርቅ ወይም የጓደኛውን መነጽር ይዞ ይመጣል፤ ነካሪው ያንኑ ቀለም በዓይኑ እየመዘነ ያወጣለታል።

ሲአር-39 ግን ብርሃን የማጠፍ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ ኢንዴክሱ 1.5 ያህል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 8 የሆነ ሰው በዚህ ሌንስ ቢሠራለት፣ ከመሃሉ 30 ሚሊ ሜትር በራቀ ቦታ ጠርዙ ከመሃሉ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጥ ይወፍራል። ኢንዴክሱ 1.74 በሆነ ሌንስ ይኸው ልዩነት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ወፍራም መነጽር ያደረገ ልጅ በትምህርት ቤት ምን ስም እንደሚወጣለት የሚያውቅ ሰው፣ ይህች የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለምን እንደተደከመላት አይጠይቅም።

መጀመሪያ የመጣው ፖሊካርቦኔት ነው። በ1953 በጀርመን ባየርና በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በተናጠል ተገኝቶ፣ ለመነጽር የዋለው ዘግይቶ ነው። ኢንዴክሱ 1.59 ገደማ ነው፤ በመዶሻ ቢመታ የማይሰበር ዓይነት ነው። ነካሪው ግን በገንዳው ውስጥ ቢያቆየው ቢያቆየው ቀለም አይገባውም። መላው ወደ ጎን መዞር ሆነ፤ ፖሊካርቦኔት በባሕርዩ በቀላሉ ስለሚጫጫር የግድ ጭረት የሚከላከል ሽፋን ይቀባል፤ ሽፋኑን ቀለም የሚጠጣ አድርገው ሠሩትና ቀለሙን ለሽፋኑ አጠጡት። ችግሩ ቀለም በደንብ የሚጠጣ ሽፋን ለስለስ ያለ ሲሆን፣ ጭረትን በደንብ የሚከላከለው ደግሞ ቀለም አለመጠጣቱ ነው። አንዱን የፈለገ ከሌላው ጥቂት መተው ነበረበት።

ትልቁ ለውጥ ከጃፓን መጣ። ሚትሱይ ቶአትሱ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በ1987 ኤምአር-6 የሚል ስም የሰጠውን ሙጫ አወጣ። ምሥጢሩ ድኝ ነው። የድኝ አቶም በሞለኪውሉ ውስጥ ሲበዛ ብርሃንን የማጠፍ አቅም ይጨምራል፤ ሌንሱም በዚያው ልክ ይሳሳል። ከዚያ ወዲህ የዚህ ቤተሰብ ልጆች በዝተዋል፤ ኤምአር-8 ኢንዴክሱ 1.60፣ ኤምአር-7 እና ኤምአር-10 1.67፣ ኤምአር-174 ደግሞ 1.74 ነው። ሌንሱ ወደ ክፈፉ ልክ ሲቆረጥ ክፍሉን የሚሞላው የድኝ ሽታ በየመነጽር ቤቱ የታወቀ ነው።

አሁን ነካሪው የገጠመው ሌንስ ሁሉ ጠባዩ የተለያየ ሆነ። ከሙጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱ ሙጫ በስንት ዲግሪ ሙቀት መለስለስ እንደሚጀምር የሚናገረውን ማየት ብቻውን ችግሩን ያስረዳል። ኤምአር-8 የሚለሰልሰው በ118 ዲግሪ ነው። የነካሪው ገንዳ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ገንዳው የቱንም ያህል ቢሞቅ የሌንሱ ሰንሰለት እንደ ልብ አይላላም፤ ቀለሙ በር ላይ ይጠብቃል። ኤምአር-174 በተቃራኒው በ78 ዲግሪ ስለሚለሰልስ፣ እንደ ሲአር-39 በሞቀ ገንዳ ውስጥ ብዙ ከቆየ ቅርጹን ሊስት ይችላል። ቅርጹን የሳተ ሌንስ ቁጥሩንም ይስታል። በመካከል ያለው ኤምአር-7 በ85 ዲግሪ ይለሰልሳል፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ቀለም በመቀበል የተመሰገነውም እሱ ነው። ደንበኛው ግን ስለ ድኝም ስለ ዲግሪም አያውቅም፤ የሚያውቀው የጓደኛው መነጽር በግማሽ ሰዓት ተነክሮ ሲወጣ የእሱ ቀኑን ሙሉ መዋሉን ነው።

ከጊዜው ይልቅ የሚያስመርረው የቀለሙ መክዳት ነው። ግራጫ ብቻውን የቆመ ቀለም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቅንጣቶች ተመዝነው የተቀላቀሉበት ነው። ምጥኑ የተሠራው ለሲአር-39 ነው። ሦስቱም እኩል ሮጠው እኩል ይገባሉ ተብሎ። ጥብቅ በሆነው ሌንስ ውስጥ ግን ሩጫው እኩል አይሆንም፤ አንዱ ፈጥኖ ይገባል፣ ሌላው ይዘገያል። ግራጫ ተብሎ የገባው ሌንስ ሐምራዊ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ወይም የዛገ መስሎ ይወጣል። ነካሪው የጎደለውን ቀለም ወዳለበት ገንዳ ይመልሰዋል፤ ያኔ ደግሞ ይጠቁራል። ቀለም ወደሚያወጣው ገንዳ ሲገባ እንደገና አንዱ ፈጥኖ ይወጣል፣ ሌላው ይቀራል። ከዚህ መመላለስ የተነሳ ብዙ ባለሙያዎች ለስስ ሌንስ ቡናማ ይመክራሉ፤ ቡናማ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ቢያዘነብልም ዓይን ይቀበለዋል፣ ግራጫ ግን ጥቂት ከሳተ ወዲያው ያስታውቃል።

ሌላው ጣጣ የሽፋኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ሲአር-39 ከሁለቱ ገጾቹ የሚመልሰው ብርሃን ከመቶ 8 ያህል ነው። የ1.74 ሌንስ ወደ 14 ይጠጋል፤ ካልተሸፈነ ፊት ለፊት የቆመ ሰው የባለ መነጽሩን ዓይን ትቶ የመስኮቱን ነጸብራቅ ያያል። ስለዚህ ስስ ሌንስ ያለ ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን አይሸጥም ማለት ይቻላል። ሽፋኑን አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለ የዛይስ ኩባንያ ፊዚክስ ሊቅ በ1935 ነው ያገኘው፤ በዚያን ጊዜ ለካሜራና ለአጉሊ መነጽር ታስቦ ነበር። በአየር አልባ ክፍል ውስጥ የሚጣበቅ የማዕድን ስስ ድርብ ነው፤ ቀለም አያሳልፍም። እንግዲህ ሌንሱ መነከር ያለበት ከመሸፈኑ በፊት ነው። ከተነከረ በኋላ ግን ጭረት የሚከላከለው ሽፋን ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይጋገራል፤ እዚያ ውስጥ ቀለሙ ጥቂት ይለወጣል። ነካሪው ከምድጃ በኋላ የሚመጣውን ቀለም አስቀድሞ ገምቶ፣ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፎ ወይም አሳንሶ መንከር አለበት። በዚያ ላይ ብዙ ስስ ሌንሶች ከፋብሪካ ሲመጡ የፊት ገጻቸው ቀድሞ የተሸፈነ ነው፤ ቀለም የሚገባው በጀርባ ብቻ ይሆናል። በሁለት በር ይገባ የነበረ ቀለም በአንድ በር ሲገባ ጥቁረቱ ይቀንሳል። ለፀሐይ መነጽር የተለመደው የጥቁረት ደረጃ ሌንሱ ከሚታየው ብርሃን ከመቶ 8 እስከ 18 ብቻ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ በአንድ በር እዚያ መድረስ ትልቅ ልፋት ነው።

መፍትሔ ፍለጋው እንደገና ወደ ጨርቅ ቀላሚዎች ደጅ መለሳቸው። ፖሊስተር በ1941 በእንግሊዝ ሲገኝ፣ ቀላሚዎች በ1920ዎቹ ከአሲቴት ጋር የታገሉትን ትግል በባሰ መልኩ ደግመውታል፤ በፈላ ውሃም ቢሆን ክሩ በቂ ቀለም አይወስድም ነበር። አንደኛው መላ መንገድ የሚከፍት ኬሚካል ገንዳው ውስጥ መጨመር ነበር፤ ኬሚካሉ ክሩን ያሳብጠዋል፣ ቀለሙም በተከፈተው ይገባል። ሁለተኛው ገንዳውን እንደ ግፊት ድስት ዘግቶ ወደ 130 ዲግሪ ማሞቅ ነው። የሌንስ ነካሪዎች ሁለተኛውን ሊወስዱት አልቻሉም፤ በ130 ዲግሪ ክር ይተርፋል፣ ሌንስ ግን ይጣመማል። የመጀመሪያውን ወሰዱ፤ ቤንዚል አልኮል የመሳሰሉ ነገሮች በገንዳው ላይ ይጨመሩ ጀመር። ይሠራል፤ ግን ሽታው ከባድ ነው፣ መጠኑ ጥቂት ካለፈም የሌንሱ ገጽ ይጎዳል፣ ደመና ይለብሳል። የጨርቅ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉትን ኬሚካሎች ለሠራተኛ ጤናና ለወንዝ ሲሉ ሲቀንሱ፣ ትንንሾቹ የሌንስ ገንዳዎች እየተጠቀሙባቸው ቀሩ።

ሦስተኛው መላ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ኖኤል ደ ፕላስ የተባለ የሰሜን ፈረንሳይ የጨርቅ ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ነገር ተገነዘበ፤ ከተበታኝ ቀለሞች ብዙዎቹ በደንብ ሲሞቁ ሳይቀልጡ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣሉ። ስለዚህ ሥዕሉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አትሞ፣ ወረቀቱን ፖሊስተር ላይ አድርጎ በጋለ ብረት ቢጫን፣ ቀለሙ ጋዝ ሆኖ ወደ ጨርቁ ይገባል። ውሃ አያስፈልግም። ዛሬ በየሠፈሩ ማተሚያ ቤት ፎቶግራፍ ቲሸርትና ኩባያ ላይ የሚታተመው በዚሁ ዘዴ ነው።

ለስስ ሌንስ ይህ እንደ ተላከ መልእክተኛ ነበር፤ ውሃ ከሌለ የ100 ዲግሪ ጣሪያ የለምና። ኒዴክ የተባለው የጃፓን የዓይን መሣሪያዎች ኩባንያና ሌሎችም ሥራውን ወደ ሌንስ አመጡት። ኮምፒዩተር የቀለሙን ምጥን ያሰላል፤ የቀለም ማተሚያ መሣሪያ ወረቀት ላይ ያትመዋል፤ ወረቀቱ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ከሌንሱ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ወረቀቱ ሲሞቅ ቀለሙ ጋዝ ሆኖ በሌንሱ ገጽ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ሌንሱ ብቻውን በምድጃ ይሞቅና ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሌንሱ የሚሞቀው እንደየጠባዩ ተመጥኖ ስለሆነ ጣጣው ይቀንሳል፤ ምጥኑም በማኅደር ስለሚቀመጥ ከዓመት በኋላ አንዱ ሌንስ ቢሰበር የሚመስለውን መሥራት ይቻላል። በድሮው ገንዳ ይህ የማይታሰብ ነበር፤ ቀለሙ በየቀኑ ይደክማል፣ የዛሬው ግራጫ የነገውን አይመስልም። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ግን የሚገኘው በትልልቅ ማምረቻዎች ነው፤ ትንሹ መነጽር ቤት ዛሬም ገንዳውን ያሞቃል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለፋሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡናማውን ውሰድ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ባለቀለም ስስ ሌንስ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ዓይናቸው ብርሃን የሚያግድ በቂ ቀለም ስለሌለው ፀሐይ ያሠቃያቸዋል፤ ከዚህም ጋር ብዙዎቹ ቁጥሩ ከፍ ያለ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከሐምራዊ በላይ የሆነው ጨረር ስለሚበረታ፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ደጋማ አገሮች ጉዳዩ ይብስባቸዋል። ምንም ዓይነት ቀለም መለየት የማይችሉና በቀን ብርሃን ዓይናቸውን መግለጥ የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ። በ1994 ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ፣ ራሱ ይህ ችግር ካለበት የኖርዌይ ሳይንቲስት ክኑት ኖርድቢ ጋር፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደሚኖሩባት ፒንጌላፕ ወደምትባል የፓስፊክ ደሴት ሲሄድ፣ ከያዙት ስጦታ አንዱ ጥቁር መነጽር ነበር።

ለሕክምና ሲሆን ደግሞ ለዓይን መመሳሰል አይበቃም። በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተሠራው ኤፍኤል-41 የሚባለው ሮዝ መሰል ቀለም ለማይግሬን ታማሚዎች ይታዘዛል፤ በ1991 የታተመ ጥናት በማይግሬን የሚሠቃዩ ልጆች ላይ ጥቅሙን አሳይቷል። የሚረዳው ሮዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መካከል ያለውን የብርሃን ክፍል ለይቶ ስለሚያስቀር ነው። ስስ ሌንስ ላይ ነካሪው በቀይና በቢጫ እያስተካከለ ለዓይን ያንኑ ሮዝ ማውጣት ይችላል፤ መለኪያ መሣሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን መቅረት የነበረበት ብርሃን ሲያልፍ ይገኛል። የትራፊክ መብራትም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳል፤ የዓለም አቀፉ ደረጃ ባለቀለም ሌንስ የምልክት መብራቶችን ቀለም እንዳያሳስት ይጠይቃል፤ ከሚታየው ብርሃን ከመቶ 75 በታች የሚያሳልፍ ሌንስም በማታ መንዳት እንደማይገባው ይደነግጋል። ስለዚህ በጥሩ ማምረቻ ቤቶች የመጨረሻው ፍርድ የዓይን ሳይሆን የመሣሪያ ነው።

ሌንሱ መነከር ግድ ሲሆን፣ ልምድ ያለው መነጽር ሠሪ ከቀለሙ በፊት ክፈፉን ያያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 8 የሆነው ያው ሰው ትልቁን ክፈፍ ትቶ፣ ጠርዙ ከመሃሉ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚርቅ ትንሽ ክፈፍ ቢመርጥ፣ በ1.74 ሌንስ ጠርዙ ከመሃሉ የሚወፍረው 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1.60 ቢሠራ 3.2 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ልዩነት ነው፤ በትንሽ ክፈፍ እንግዲህ 1.74 የግድ አይደለም። ሠሪው ይህን ለደንበኛው ያሳየዋል፤ የሌንሱ ዓይነት ከተመረጠ በኋላም የቀኙንና የግራውን ሌንስ ከአንድ የምርት ዙር መርጦ በአንድ መያዣ ጎን ለጎን ይነክራቸዋል።